ከአማቷ የተደወለው ስልክ

በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ «አማካይ» ይሏታል፤ ምሳ የት እንብላ ስትባል እንኳ «በአማካይ...» ብላ ስለምትጀምር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አለቃዋ ሬዲዮ ጣቢያ ላኳት። በአገሪቱ የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ማሽቆልቆሉን፣ በወሊድ የሚሞቱ እናቶችም መቀነሳቸውን ለሕዝብ እንድታስረዳ ነው።

ስቱዲዮው መስኮት የለውም። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጦ ድምፅ ይውጣል፤ በሩ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጥልቃ ስለ ቁጥሮቹ ስታወራ ምላሷ አንዴም አልተደናቀፈም። ከዚያ ጋዜጠኛው የአድማጭ ስልክ አስገባ።

«እኔ እናት ነኝ» አለ ድምፁ። «አንዲት የተማረች ሴት አውቃለሁ። አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ በቃኝ አለች። ሥራዋን አስበልጣ ልጄን አንድ ፍሬ ላይ አስቀረችው። እንዲህ ዓይነቷን ምን ትያታለሽ?»

ክው አለች። አማቷ ናቸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት፣ ጠዋት ቁርስ ያቀረበችላቸው አማቷ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ልጇን ስትገላገል ደሟ አልቆም ብሎ፣ ሐኪሞቹ ነፍሷን ያተረፉት ማሕፀኗን አውጥተው ነው። ገና ከአልጋ ሳትነሳ ባሏ፣ «እማዬ ከሰማች ሌላ አግባ እያለች መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣኛለች፤ ለጊዜው ዝም በይ» ብሎ አስማላት። ያ «ለጊዜው» ማለቂያ አጣ። አማትየው እምቢ ያለችው እሷ ናት ብለው አመኑ፤ ልጃቸውም አላረማቸውም።

በሩን አየች። መብራቱ እንደበራ ነው። «በአማካይ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«እናቴ» አለች በመጨረሻ፣ «በወሊድ የሞቱትን እንቆጥራለን። ከሞት አፋፍ የተመለሱት ግን ከዳኑት ጋር ተደምረው ይታለፋሉ። ማሕፀናቸው ወጥቶ ቤታቸው የገቡ አሉ። ያቺ የሚያውቋት ሴት እምቢ ብላ ላይሆን ይችላል። አቅቷት ይሆናል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ልጅዎን ይጠይቁት።»

ነገሩ ያልገባው ጋዜጠኛ አመስግኖ ወደ ሙዚቃ አለፈ።

ቤት ስትደርስ እናትና ልጅ ሳሎን ተቀምጠዋል። ባሏ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። አማቷ ብድግ ብለው እቅፍ አደረጓት። «እኔን አፈር ይብላኝ! ይህን ሁሉ ለብቻሽ?» እያሉ ሲያለቅሱ እሷም ተንሰቀሰቀች። ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር የወረደላት መሰላት።

«ግን ልጄ» አሉ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ለዘመድ እንደነበረው ይሁን። ጎደሎ አገባ ከሚሉት፣ እምቢ አለችው ቢሉ ይሻለዋል።»

ባሏ ቀና ብሎ እፎይ አለ። ምን እያሉ ነው ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። «በሬዲዮ ሰማንሽ እኮ!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የአገሩን ልጅ ስትቆጥሪ የራስሽን በአንድ አቆምሽው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

የአማቷ እጅ ክንዷን ጨበጥ አደረጋት።

«ሥራ በዛብኝ» አለችና ለእንግዳዋ ወንበር ሳበችላት።