ሰማያዊ በር ያለው ዳቦ ቤት

ጠበቃዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነጻ ትቆማለች። አንድ ቅዳሜ ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ጣቶቿን የቆረጠባት ሴት መጣች።

«የዳቦ ቤቱን ባለቤት ካሳ ብጠይቃቸው ‹እኔ ጋ ሠርተሽ አታውቂም› አሉኝ» አለች።

«ዳቦ ቤቱ የት ነው?»

«ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ባለ ሰማያዊ በሩ።»

ጠበቃዋ ክው አለች። አባቷ በቅርቡ «ማሽኑ ተበላሸብኝ» ብሎ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ ነበር።

«ባለቤቱ አባቴ ነው» አለች።

ሴትየዋ ደንግጣ ልትወጣ ተነሣች።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ። በአባቴ ላይ ጠበቃሽ መሆን አልችልም፤ ባልደረባዬ በነጻ ይቆምልሻል። እኔ ዳቦ ቤቱን መቼና ምን ብሎ እንደዘጋ እመሰክራለሁ።»

በችሎቱ ቀን አባትየው ልጁን ከምስክሮች መካከል አያት። ዳኛዋ ሲጠይቁት አንገቱን ደፍቶ፣ «ጣቶቿ የተቆረጡት እኔ ጋ ነው» አለ።