የመጨረሻዋ ልኬት

ሚጡ ገመዱን ከሶኬቱ መንጭቃ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠፋ። መልሳ ሰካችውና ጥፍሯን እየነከሰች ጠበቀች። መሣሪያው የጨቅላ ሕፃናትን ሙቀት እየለካ የሚመዘግብ ነው። የነቀለችው «ሁሉም ተቀምጧል» የምትለዋ አረንጓዴ መብራት ከበራች በኋላ ነበር። ሲነሣ ግን የመጨረሻዋ ልኬት የለችም።

"አሁንም ዋጣት!"

ከርነሉን፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚመራውን ፕሮግራም፣ የጻፉት ጋሼ ለክሊኒክ የሚላከውን ተመሳሳይ መሣሪያ በካርቶን እያሸጉ ነበር።

"ኧረ በፈጠረሽ! ስትነቅዪ ስትሰኪ ሶኬቱ ራሱ ታመመ።"

ከውጭ ካርቶኑን ሊወስድ የመጣው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። "እናንተ ሰዎች! የምጠብቀው ካርቶን ነው ሙሽራ?"

ሚጡ ወደ ኮዱ ተመለሰች። ከርነሉ ሜሞሪውን በገጽ በገጽ ከፍሎ የእያንዳንዱን ሁኔታ ይከታተላል። አዲስ ነገር የተጻፈበትን ገጽ «ቆሻሻ» ይለዋል፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን በማይረሳው ዲስክ ላይ ሲገለብጠው «ንጹሕ» ይለዋል። ንጹሕ የተባለን ገጽ ዞሮ አያየውም።

"ጋሼ፣ ንጹሕ የምንለው ገልብጠን ከጨረስን በኋላ ነው አይደል?"

"ታዲያ ሳታጥቢ ታጠበ ትያለሽ?"

"እየገለበጥን ሳለ አዲስ ልኬት ብትገባስ? እኛ ስንጨርስ ዓይናችንን ጨፍነን ንጹሕ ነው እንላለን። እሷን ውሃ በላት። የቆሻሻውን ምልክት ቀድመን ብናነሣው ግን፣ መሃል የገባችው መልሳ ታቆሽሸዋለች፤ በሌላ ዙር ትገለበጣለች።"

ጋሼ ፕላስተሩን አስቀመጡ።

"እኔም ቤት ሳህን አጥቤ እጄን ስጠርግ ባለቤቴ 'ይህችስ ኩባያ?' ትለኛለች" አሉ ቀስ ብለው። "አንዲት የኮድ መስመር ወደ ላይ ማውጣት ነው።"

"ከዚያ ፍተሻው እንደ አዲስ።"

"ዛሬ አይደርስማ። አለቃችን ደግሞ ለክሊኒኩ ዛሬ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል።" አገጫቸውን አከኩ። "አሁን ይሂድና በሳምንቱ እዚያው ሄደን ብናስተካክለውስ? ማን ያውቃል?"

የሚጡ ስልክ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ፣ ታላቅ እህቷ ናት።

"ሚጡዬ፣ መሣሪያው ከዚያ ተነሣ? ቦታውን አጽድቼ ቁጭ ብያለሁ። ሙቀት በወረቀት መጻፍ እጄን ገደለው። አሁን መብራት ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ ያለውን አምኜ ሕፃኑን ልያዝ፣ አይደል?"

ሚጡ ቀና አለች። አረንጓዴዋ መብራት ምንም እንዳልጠፋባት ቦግ ብላ በርታለች።

"ዛሬ አይመጣም እትዬ። ወረቀትሽን እንዳትጥዪ።"

"ምነው፣ ምን ሆነ?"

"የሚዋሸው ነገር አለ። እናስተካክለዋለን።"

ስልኩን ዘጋች። ጋሼ መቀሱን አነሡና ያሸጉትን ካርቶን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት።

"ለአለቃ እኔ እነግረዋለሁ" አሉ። "ለሹፌሩስ?"

"ሙሽራዋ ገና ናት በሉት" አለችና ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።