የሙሴ መንጋጋ

የሙሴ ጉንጭ አብጦ አንድ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል። እናቱ ደብሪቱ ልጇ ካስነጠሰ የለቅሶ ድንኳን የሚታያት ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ፍርሃቷ ግን ምክንያት ነበረው። ወንድሟ ግዛቸው በልጅነቱ እንጥሉን ተቆርጦ፣ የበኩር ልጇ ደግሞ ተገርዞ ደማቸው አልቆም ብሎ ነው የሞቱት። ሙሴም ሲገረዝ በስንት መከራ ተረፈ። ለሰው ግን ወንድሟ ከበቅሎ ወድቆ፣ ሕፃኑ ምች መትቶት ሞቱ ተባለ። “ዘራችን ከተነካ ሴቶቻችንን የሚያገባ የለም” ብላ እናቷ አስምላታለች። ደብሪቱም ባሏ በሶማሌ ጦርነት እስኪሞት ድረስ ነገሩ ከዘሯ መሆኑን ለእሱ እንኳ አልተነፈሰችም።

ያን ዕለት ጠዋት ወይዘሮ እታፈራሁ ስለ ሰርግ ድግስ ሊመካከሩ ታቦር ሰፈር፣ ደብሪቱ ቤት ድረስ መጥተዋል። ልጃቸው ሸዋንግዛው የደብሪቱን ልጅ ፅጌን ሊያገባ ቀን ተቆርጧል። ሙሴን ሲያዩት ደረታቸውን መቱ።

“ውይ በሞትኩት! ይሄን ልጅ እያየሽ ዝም ትያለሽ? የጥርስ ሐኪሙ ሙሉጌታ የወንድሜ ልጅ አይደል እንዴ! ሰልፍ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብለን ነው የምንገባው።”

“ኧረ አይድከሙ እትዬ፣ እኔው እወስደዋለሁ።”

“ምን ድካም አለው? ልጄ አይደል? ይልቅ ጋሪ አስጠሪ!”

በጋሪው ላይ እታፈራሁ የሰርጉን የጠላ ጋን በወሬ ሲደረድሩ፣ ደብሪቱ እሳቸውን እንዴት ደጅ እንደምታስቀር ታሰላስል ነበር። አልሆነም፤ ክሊኒኩ ሲደርሱ አብረው ገብተው ከወንበሩ አጠገብ ቆሙ።

ሙሉጌታ የልጁን አፍ አየ። “መንጋጋው በስብሷል፤ መነቀል አለበት” አለና መደንዘዣውን እያዘጋጀ ጠየቀ። “ከዚህ በፊት ደምቶ አልቆም ያለበት ጊዜ አለ? ከዘመድስ እንዲህ ያለ ሰው አለ?”

እታፈራሁ ቀደሙ። “ምን ነካህ አንተ! የማንን ዘር ነው የምትጠይቀው? ሽማግሎቻችን እስከ ሰባት ቤት አጣርተው ነው የመጡት። ቁምጥና የለ፣ የሚጥል በሽታ የለ። በል ንቀልለት!”

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ መርፌውን አነሳ። ሙሴ አፉን እንደከፈተ እናቱን አያት። ደብሪቱ ልብስ ሰፊ ቤት ያለው የፅጌ ቬሎ ታያት። ወዲያው ደግሞ የበኩሯ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ሲጨምቁት ደም የሚንጠባጠበው፣ ታያት።

“አይነቀልም!” አለች።

ከዚያ በኋላ አልቆመችም። ወንድሟን፣ በኩሯን፣ የሙሴን ግርዛት፣ ኳስ በተጫወተ ቁጥር የሚያብጠውን ጉልበቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ።

“እንኳን ነገሩኝ። ደሙ የማይረጋ ይመስለኛል። ብነቅልለት ኖሮ እኔ እዚህ ደሙን ማቆሚያ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ሄዶ ደሙ ይመርመር፤ የሚያረጋውን ነገር ሰጥተው እዚያ ይነቅሉለታል። እስከዚያ አስፕሪን እንዳይቀምስ፤ መድማቱን ያባብሰዋል። ሌላ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ።”

“ከየት ነው የሚመጣው?” አሉ እታፈራሁ።

“አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ነው፣ እትዬ። ሴቶቹ ራሳቸው ሳይታመሙ ለወንድ ልጆቻቸው ያስተላልፉታል።”

“እህትየዋም?”

“ሊኖርባት ይችላል። ላይኖርባትም ይችላል።”

እታፈራሁ ነጠላቸውን አጣፉ። “እግዜር ይማረው” አሉ ረጋ ብለው፣ ጨዋ እንደሆኑ። ጋሪም ሳይጠብቁ ሄዱ።

እናትና ልጅ ቤት እንደገቡ ፅጌ ከምትሠራበት ስልክ ቤት ያለ ሰዓቷ መጣች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

“እትዬ እታፈራሁ መሥሪያ ቤት መጥተው ነበር። ሰርጉ ቀርቷል።”

“ልጄ፣ መርፌውን ይዞ ነበር እኮ! ምን ላድርግ? ዝም ብል ወንድምሽ…”

“ስለተናገርሽ አይደለም። እሱንማ ባትናገሪ ነበር የምጣላሽ።” ፅጌ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጎትታ አወረደች። “በገዛ ደሜ ስላለው ነገር የሰማሁት ከሰው እናት ነው፣ እማዬ። ጓደኞቼ ፊት። ‘ምስኪን፣ አንቺም ሳታውቂ ነው’ አሉኝ። አዘኑልኝ!”

“አያትሽ አስምላኝ ነው…”

“መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ወንድ ወልጄ ሲገረዝ?”

ደብሪቱ ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጇን ስንት ጊዜ በሐሳቧ ቀብራዋለች፤ ለእናቱ መንገር ግን አንድ ቀንም አልሆነላትም።

“አዲስ አበባ እኔ ነኝ የምወስደው” አለች ፅጌ። “አንቺ እዚሁ ሁኚ።”

“እናቱ ነኝ እኮ! እዚህ ተቀምጬ ልበድ?”

“እዚያም ሲጠይቁሽ ሰው አለ ብለሽ ታፍሪያለሽ። እኔ ስለ ራሴም የምጠይቀው አለኝ።” በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። “በይ ንገሪኝ። ከአጎቴ ጀምሪ።”

ደብሪቱ ጀመረች። የወንድሟን ነገረቻት፣ ስሙ እንኳ በቤት ውስጥ ተጠርቶ የማያውቀውን የበኩሯን ነገረቻት፤ እሾህ ወግቶት የሞተ የአክስቷ ልጅም ነበረ። ሙሴ ጉንጩን ደግፎ ከአልጋው ላይ ይሰማል። እናቲቱ ዝም ባለች ቁጥር ፅጌ “ሌላስ?” ትላለች።

“ሌላ የለም” አለች ደብሪቱ በመጨረሻ። “በአባትሽ አጥንት፣ ሌላ የለም።”

ፅጌ አላመነቻትም።