ለአንቺሆዬ ቀይ የሚያበራ ስልክ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ብዋሽ ኮልፌ 18 ማዞሪያ መሀል በግንባሬ ይድፋኝ፤ ታክሲው ሁሉ በላዬ ይዙርብኝ! እኔ ደግፌ አራት ሺህ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ሙሽሮች ቀን የሚቆርጡት እኔን አስፈቅደው ነበር። ኖታ ግን አላነብም። ጆሮ ላለው ሰው ኖታ ምን ይሠራለታል?

ልጄ ናዝራዊት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ አለች። ዕድሜዋ የሚፈቅድላት ዘንድሮ ብቻ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ኖታ አንብቦ በድምፅ ማውጣት። አስተማሪ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን ኑሕ ቤታችን ባለችው አንዲት ስልክ ላይ ኖታ የሚያስተምር ጌም ጫነልን። ኖታው አምስቱ መስመሮች ላይ እንደ ወፍ ያርፋል፤ በትክክል ካዜምከው አረንጓዴ፣ ከሳትከው ቀይ ያበራል።

"አባዬ፣ ልሞክረው?"

"ቆይ አንቺ! መጀመሪያ መምህርሽ ይፈትሸው።"

"ለልጅቷ ስጣት እንጂ" አለች ባለቤቴ ካሳነሽ።

"መምህር ሳይዘጋጅ ክፍል ይገባል እንዴ?"

ከቅኝቶቻችን ሁሉ አንጀት የምትበላዋን አንቺሆዬን ለቀቅሁበት። የኮልፌ ታክሲዎች ሞተር አጠፉ። ስልኩ ቀይ! ደገምኩ፤ ቀይ! አንቺሆዬን ስህተት ናት ይለኛል! ሦስት ወር ሙሉ ተሟገትኩት። በመጨረሻ እጁን ሰጠ፤ ዘጠኝ መቶኛው ደረጃ ላይ ወጣሁ። ያንን ሁሉ ጥበብ ለናዝራዊት አወረስኳት።

የፈተናው ቀን ልጄ አፏን ስትከፍት ሦስቱ ፈታኞች ብድግ አሉ። አንዱማ ፊቱን በመሀረብ ሸፈነ። "ይቺን የሚያስተምር ከየት እናመጣለን?" ብለው በሐዘን መለሷት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ድምፅ የለም። ልብስ ስታጥብ እንኳ ታንጎራጉር የነበረች ልጅ፣ አሁን ሬዲዮ ስከፍት ተነሥታ ትወጣለች። ኪቦርዴን ጨርቅ አልብሼዋለሁ። በምድር ላይ እንደኔ ያዘነ አባት የለም፤ ይህቺን እንኳ አላጋነንኩም።

ይህን ስጽፍ ካሳነሽ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሯል። የፈተናው ቀን ልጅቷን ይዛ የሄደችው እሷ ናት። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"ደግፌ" አለች በቀስታ፣ "ልጅቷ እኮ ፈተና ክፍል አልገባችም። ከበሩ ነው የተመለስነው። 'እማዬ፣ አንድ ኖታ እንኳ አላውቅም፤ ስልኩ አንድም ቀን እጄ አልገባም' ብላኝ።"