ተተኪው በጥጃ በረት

የአሜሪካኖቹን ቤዝቦል በስልኬ የምሰማው ከኪዳን ስመለስ ነው። እነሱ ዘንድ ሲመሽ እኛ ዘንድ ይነጋል፤ ጸሎቱ አልቆ ቤቴ ስገባ ጨዋታው ከዘጠኙ ዙሮች ስምንተኛው ላይ ይደርሳል። በስድስት ዓመት ውስጥ የአንድም ጨዋታ መጀመሪያ ሰምቼ አላውቅም። የማውቃቸው ተተኪ ወርዋሪዎቹን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ክንዱ ሲዝል መጥተው፣ አሥር አሥራ አምስት ኳስ ወርውረው፣ ጨዋታውን ዘግተው የሚሄዱትን። ዕድሜያቸውን አጥር ውስጥ ተቀምጠው "ና" እስኪባሉ ይጠብቃሉ። እንጀራቸው ይኸው ነው።

ይህን እውቀቴን የፈለገው ሰው አልነበረም፣ የኋላሸትና ሙላቷ እስኪጣሉ ድረስ።

የኋላሸት የክርስትና ልጄ ነው። ባጃጅ ገዛና ማቆሚያ ሲያጣ የሚስቱን ጌሾ ነቅሎ አቆመበት። ሙላቷ ልብሷን ጠቅልላ አምበር የሚኖረው ወንድሟ የሽዋስ ቤት ገባች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ፤ ሁለቴም ሳይሆን ቀረ። ለሰኞ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስለተያዘ የቅዳሜው ሽምግልና የመጨረሻው ነው።

"ነገሩ የሚበላሸው ከሰዓት ነው" አልኳቸው ለሽማግሌዎቹ። "መሪጌታ ሲጀምሩ ማር ናቸው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ይደክማቸውና ይቆጣሉ። ባለፈው የሽዋስን 'አንተ ከይሲ' ብለውታል።"

"ከይሲ መሆኑንስ ማን ይክዳል?" አሉ ሽምግልናውን የሚመሩት መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ።

የተተኪዎቹን ነገር አስረዳኋቸው። ሜዳው ዳር 'የኮርማ በረት' በሚሉት አጥር ውስጥ ሆነው ክንዳቸውን እንደሚያሟሙቁም ነገርኳቸው።

"ሽማግሌ ደግሞ ምኑን ያሟሙቃል?" አሉ መሪጌታ።

"ምላሱን ነዋ!" አለ አናጢው ወልደ ሰንበት።

መሪጌታ ሲደክማቸው የሚተካ እሱን መረጥን። በቀን ከሃያ ቃል በላይ አይናገርም፤ ያልደከመ ክንድ ማለት ነው። እኔ የክርስትና አባት ስለሆንኩ ለአንድ ወገን ታደላለህ ተብዬ ከመናገር ተከለከልኩ፤ ሥራዬ ተተኪውን መጥራት ሆነ።

ቅዳሜ የሽዋስ ግቢ ስንደርስ አጥር ያለው የጥጃ በረቱ ብቻ ነበር። ወልደ ሰንበት ጎንበስ ብሎ ገባ።

"ሰውየው ምን ሆኖ ነው?" አለ የሽዋስ።

"ተራው አልደረሰም" አልነው።

የኋላሸት ከበረቱ ጀርባ፣ መንገዱ ላይ ባጃጁ ውስጥ ቀረ። ሙላቷ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከአዳም ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ኖኅ ከመርከብ ወረደ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የግንባራቸው ሥር ተገተረ። ተነሣሁ፤ የአሜሪካ አሠልጣኝ ከደከመው ወርዋሪ ኳሱን ሊቀበል እንደሚሄደው ቀስ ብዬ ሄጄ ለመቋሚያው እጄን ዘረጋሁ።

"ገና ነኝ ልጄ፣ ሲደክመኝ ትደግፈኛለህ" ብለው ራሴን ባርከው መለሱኝ።

ሁለተኛ ሄድኩ። አሁን መቋሚያውን አስያዙኝና በሁለት እጃቸው ቀጠሉ።

ይሄኔ ከውጭ ድምፅ ተሰማ። ሙላቷ በጓሮ በር ስትወጣ አየሁና ተከተልኳት። ወልደ ሰንበት ጥጃዋን ፊት ለፊቱ አቁሞ ምላሱን ያሟሙቃል።

"አንቺ ሙላቷ" ይላታል ጥጃዋን፣ "ጌሾሽን መንቀሉ ጥፋት ነው። አራት ዓመት ያሳደግሽው ነው። ባጃጅ የትም ይቆማል፤ ጌሾ ግን የትም አይበቅልም።"

ጥጃዋ እጁን ላሰችው።

"ይህን ሁሉ ሽማግሌ ሳይ" አለች ሙላቷ ከአጥሩ በላይ፣ "ጌሾዬን ያነሣልኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም አዳም ይላል።"

ወልደ ሰንበት ደንግጦ ፊቱን አዞረ። "እኔ ገና አልተጠራሁም። አንቺን ማናገር አልችልም። ያለሽን ለጥጃዋ ንገሪያት።"

ሙላቷ አየችው። ጥጃዋን አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

"አንቺ ጥጃ፣ ንገሪልኝ። ባጃጁ ከግቢዬ ይውጣ። ጌሾውን ራሱ ይትከል፣ ራሱ ውኃ ያጠጣ። እስኪደርስ ደግሞ 'ጠላ አምጪ' እንዳይለኝ!"

"ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቂልኝ" አላት ወልደ ሰንበት ጥጃዋን።

"ሁለት፣ ሦስት።"

"ጥጃዬ፣ ከባድ ፍርድ ነው። ምናልባት ሰውየው..."

"ተቀብያለሁ!" የሚል ጩኸት ከባጃጁ ውስጥ መጣ።

ሙላቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ገብታም ጥቅልሏን ይዛ ወጣች። እግዚአብሔር በእንስሳ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም ብዬ አማተብኩ።

ተመልሼ ገባሁ። "መሪጌታ፣ አልቋል።"

"ምኑ? ገና ሣራ ላይ አልደረስኩም።"

ባጃጁ ሲነሣ ተሰማ። የሽዋስ በመስኮት ብቅ ብሎ እኅቱን በዓይኑ ሸኘና ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

"ተዋቸው ይጨርሱ" አለኝ በሹክሹክታ። "ዛሬ ገና አልሰደቡኝም።"

ሣራ ሳቀች፣ ይስሐቅ ተወለደ፤ መሪጌታ ውኃ ጠየቁ። ያኔ ደጁ ላይ ቆሜ ተተኪውን በእጄ ጠራሁት። እነዚያ አሜሪካኖች ሲያሟሙቅ ውሎ ሜዳ ያልገባውን ሰው ስም አይመዘግቡትም፤ እኔ ግን ይህን በወልደ ሰንበት ላይ ማድረግ አልቻልኩም።

ልብሱ ላይ ከተጣበቀው ጭድ ጋር ገባ። መቋሚያውን ሰጠሁት። ሃያ ቃሉን ለጥጃዋ ጨርሶ ስለነበር ዙሪያውን አየና፣

"እግዚአብሔር ይስጥልን" ብሎ ዘጋው።