ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ

ዳግማዊ ጀርመን አገር ስድስት ዓመት ፈረስ መግራት ተምሮ ጅማ ከተመለሰ ወዲህ፣ አጎቱ ጋሽ ጎሳዬ አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ጀርመኑ» ነው የሚሉት።

በእሳቸው ደንብ የሰርግ ፈረስ እስከ ሙሽሪት ደጃፍ ጋልቦ በድንገት ቀጥ ይላል። ሹል ብረት ያለው ልጓም ሲጎተት ዳማ ፈረሳቸው በኋላ እግሩ ይቆማል፤ አፉ ይደማል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ዳግማዊ ግን ሁለት ወር ሙሉ ፈረሱን ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ቀስ ብሎ መውረድን አለማመደው። እሱ ኮርቻው ላይ ወገቡን አክብዶ ትንፋሹን ሲለቅ ዳማው ይገባው ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ጎሳዬ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሜዳ ላይ ጎረቤቱን ሰበሰቡ። «በል አሳየን። ልጓሙን ሳትጎትት ካቆምክልኝ ያንን ብረት ወንዝ እጥለዋለሁ!»

ዳግማዊ ጋለበ። ወገቡን ሲያከብድ ዳማው በልስላሴ ወደ ሶምሶማ ወረደ።

«አቦ፣ ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ጀሪካን የጫነ አህያ?» አሉ ጋሽ ጎሳዬ። ሜዳው በሳቅ አውካካ። «ባሕር የተሻገርከው አህያ ነጂ ልትሆን ነው?»

ያ ሁሉ የደከመበት ሶምሶማ ድንገት ለራሱም የፈሪ አካሄድ መሰለው። ደሙ ፈላ። ፈረሱን ኮልኩሎ አስጋለበውና አጎቱ ፊት ሲደርስ የልጓሙን ዛብ በሁለት እጁ ጎትቶ ቀጥ አደረገው። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጋሽ ጎሳዬ ቀርበው የዳማውን አፍ በጣታቸው ጠረጉና ደሙን አሳዩት።

«ብረቱ ይቆያል» አሉ እየሳቁ። «አሁን ገና የወንድሜ ልጅ ሆንክ፣ ዳግማዊ።»