ድፋው አልኩህ!

ያቃጠለኝ አለማወቁ ቢሆን ምን ነበረበት! አዳኖ እኮ ኬሚስትሪን ከእኔ ከአስተማሪዋ በላይ የሚወድ ልጅ ነው። ችግሩ እጁ ነው። ውሃ መድፋት እምቢ አለው።

የኢሲዮሎው አስፋልት እኔ የማስተምርባት፣ ከድንበሩ ማዶ ያለችው ሞያሌ ሊደርስ ሲል ነው፤ አዳኖ የመጨረሻው ክፍል፣ ፎርም ፎር ነበር። ፈተናው ላይ አንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንዳለ ፈልጉ ይባላሉ። አሲዱን ቢሬት በምንለው ረጅም የመስታወት ቱቦ ሞልተው፣ ልኩ በታወቀ ቤዝ ላይ ያንጠባጥቡታል፤ የቤዙ ሮዝ ቀለም ጥፍት ሲል ያቆማሉ። ይህን ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ነጥብ የለም። ታዲያ ቢሬቱ መጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ በራሱ በአሲዱ ይታጠባል፤ እጣቢው ይደፋል። ካልተደፋ አሲዱ ይቀጥናል፣ መልሱ ይበላሻል። በቃ፣ ይኸው ነው!

ደረቁ የጎልቦ ቆላ ውስጥ በአህያ ተጭኖ በሚመጣ ውሃ ላደገ ልጅ ግን «ይኸው ነው» አይሠራም። ቢሬቱን በውሃ ያለቀልቅና የተረፈውን እዚያው ትቶ አሲዱን ይጨምርበታል።

«ድፋው!» እላለሁ።

«መዳም፣ ንጹህ ነው እኮ።»

«ንጹህም ቢሆን ያቀጥንብሃል፣ ድፋው አልኩህ!»

ኧረ ያንገሸግሻል! ክሊኒካል ኦፊሰር ሆኖ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ማከም ነው ምኞቱ፤ በኬሚስትሪ ሲ ፕላስ ካላመጣ ኮሌጁ ዞር ብሎም አያየው። ተርሙን ሙሉ ድፋ፣ ድፋ ስል ከረምኩ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ማርጋሬት፣ «ወይንሸት፣ ልጁን አስደነበርሽው» ትለኛለች። እና ዝም ብዬ ሲወድቅ ልየው?

የፈተናው ቀን የትምህርቱ አስተማሪ ክፍል ስለማይገባ አጥሩ ጋ ቆሜ ስቁነጠነጥ ዋልኩ። ገና ሲወጣ ጮህኩበት።

«ደፋህ?»

«ደፋሁ መዳም!»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ! ሦስቱ ልኬት ተቀራረበልህ?»

አቀረቀረ። «ውሃውን ደፋሁ። በአሲዱ አጥቤ ደፋሁ። ውሃ የቀረ መሰለኝና፣ እርስዎን አስቤ ደግሜ አጥቤ ደፋሁ። ከዚያም ደገምኩ...»

«እና?»

«አሲዱ አለቀብኝ። በልክ ነው የተሰጠው፣ ሌላ የለም አሉኝ። አንዴ ብቻ ነው የለካሁት።»

ማን ላይ ልጩህ? ልጁ ያልኩትን ነው ያደረገው።